ፖሊስ ተራራ ላይ ምን ይሠራል? ስለ አፓርና ኩማር ለተጻፈ ትችት የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ ህንዳዊቷ ከፍተኛ የፖሊስ መኮንንና ተራራ ወጪ ስለ አፓርና ኩማር በአማርኛ የተጻፈ አንድ ትችት አነበብኩ። ጸሐፊው ብዕራቸው የሰላ ነው፤ ንዴታቸውም ከልብ ይመስላል። ሐሳባቸው ሲጨመቅ ይህን ይላል፦ ሴትየዋ ደመወዝ የሚከፈላቸው ወንጀል እንዲከላከሉ ሆኖ ሳለ ዕድሜያቸውን ከተራራ ተራራ ሲዞሩ ፈጅተዋል፤ ጫፍ ላይ ያደረሳቸውም ገንዘብና ሥልጣን እንጂ ጉልበት አይደለም፤ ኤቨረስት ዛሬ ለከፈለ ሁሉ የሚሸጥ ዕቃ ነው፤ «የመጀመሪያዋ» እየተባለ የሚደረደረው ክብር ባዶ ነው፤ አደጋ ሲደርስ ደግሞ ይህ ሁሉ ተራራ መውጣት ለተጎጂው የፈየደው ነገር የለም። በመጨረሻም ከመንግሥት የተቀበሉትን ሽልማት ቢመልሱ እንደሚሻል ይመክሯቸዋል።

ከነዚህ ነጥቦች ሁለቱን እቀበላለሁ፤ አንዱን በግማሽ እቀበላለሁ። የቀሩት ግን ጥቂት ማጣራት ቢቀድማቸው ኖሮ የሚጻፉ አልነበሩም። የጸሐፊውን ቅደም ተከተል እየጠበቅሁ መልስ እሰጣለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ኤሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወደ ክርክሩ ከመግባቴ በፊት ሦስት ስሕተቶችን ላርም። ጸሐፊው አፓርና ኩማር ኤቨረስትን የወጡ የመጀመሪያዋ ህንዳዊት እንደሆኑ ተደርጎ ይወራል ይሉና ያንን ወሬ ለማፍረስ ብዙ ይደክማሉ። ያን ክብር የያዙት ባቼንድሪ ፓል ናቸው። ዓመቱ 1984 ነው፤ ይህንንም የህንድ የተማሪ መጽሐፍ ሳይቀር ይጽፈዋል። ሁለተኛ፣ አፓርና ኩማር ጨርሰዋቸዋል ከሚባሉት ከሰባቱ አህጉራት ከፍተኛ ጫፎች አንዱ የትምህርት ቤት ልጆች ሽርሽር የሚወጡበት የአውስትራሊያ ኮረብታ ነው ብለው ይሳለቃሉ። ስለ ኮሲየስኮ ከሆነ እውነት ነው፤ 2,228 ሜትር ብቻ ነው። ነገር ግን የሰባቱ ጫፎች ዝርዝር ሁለት ዓይነት ነው። ሁለተኛው ዝርዝር በኮሲየስኮ ፋንታ በኢንዶኔዥያዋ ፓፑዋ የሚገኘውን የካርስቴንስ ፒራሚድ ይይዛል። ይህ 4,884 ሜትር ከፍታ ያለው፣ በገመድ እየተንጠለጠሉ የሚወጡት የድንጋይ ግድግዳ ነው። አፓርና ኩማር በ2014 የወጡት ይህንን ነው። ሦስተኛ፣ ህንድ ከቻይና ጋር የምትዋሰንበትን ድንበር የሚጠብቀው የኢንዶ–ቲቤት ድንበር ፖሊስ በራሱ ወጪ ኤቨረስት ላይ እንዳወጣቸው ጽፈዋል። በ2016 ኤቨረስትን ሲወጡ ገና የኡታር ፕራዴሽ ክፍለ ሀገር ፖሊስ መኮንን ነበሩ፤ ወደ ድንበር ፖሊሱ የተዛወሩት ከዚያ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ክስ እንምጣ። ሥራቸውን ትተው ተራራ ሲዞሩ ኖሩ ይላል።

አፓርና ኩማር የካርናታካ ተወላጅ ናቸው፤ የህንድ ፖሊስ አገልግሎትን የተቀላቀሉትም በ2002 ነው። የመጀመሪያውን የተራራ ሥልጠና በሂማቻል ፕራዴሽ በምትገኘው ማናሊ የወሰዱት በ2013 ነው፤ ዕድሜያቸው አርባን ሊደፍን ሲቃረብ ማለት ነው። ከዚያ በፊት የነበሩት አስራ አንድ ዓመታት ሙሉ በሙሉ የፖሊስ ሥራ ናቸው። ጸሐፊው እነዚህን ዓመታት ዘለዋቸዋል። እንዴት ጀመሩ የሚለውንም አልጠየቁም። በሞራዳባድ የሚገኘው የኡታር ፕራዴሽ የታጠቀ ፖሊስ ዘጠነኛ ሻለቃ አዛዥ ሆነው ተመደቡ፤ ያ ሻለቃ ደግሞ በተራራ ሥልጠና የሚታወቅ ነው። አዛዥ የሚያዝዛቸው ሰዎች የሚሠሩትን ሥራ ማወቅ አለበት ብለው ገመድ ያዙ። ተራራ የጀመሩት ከሥራቸው ሸሽተው ሳይሆን ሥራቸው እየመራ ወስዷቸው ነው።

ጸሐፊው ፖሊስ ሲሉ የሚታያቸው መንገድ ላይ ፊሽካ የሚነፋው፣ ጣቢያ ውስጥ ቃል የሚቀበለው ሰው ነው። ህንድ ውስጥ ግን ዕድሜውን በበረዶ ውስጥ የሚጨርስ ፖሊስ አለ። ኦክቶበር 20 ቀን 1962 የቻይና ጦር በሂማላያ ድንበር ላይ ጥቃት ከፈተ። ጦርነቱ ገና ሳያበቃ፣ ከአራት ቀን በኋላ፣ ኦክቶበር 24፣ የኢንዶ–ቲቤት ድንበር ፖሊስ ተቋቋመ። ዛሬ ይህ ኃይል በላዳክ ካለው ከካራኮራም መተላለፊያ ተነስቶ በምሥራቅ እስከ አሩናቻል ፕራዴሽ የሚዘልቀውን 3,488 ኪሎ ሜትር ድንበር ይጠብቃል። አንዳንዶቹ የጥበቃ ቦታዎቹ ከ5,700 ሜትር በላይ ናቸው፤ ከራስ ዳሽን ጫፍ ላይ ገና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ሽቅብ መሄድ ማለት ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪን አልፎ ይወርዳል። እዚያ የሚቆም ኮንስታብል በበረዶ መጥረቢያ መራመድ፣ የናዳን ምልክት ማንበብ፣ ከፍታ የመታውን ጓደኛውን በጊዜ ማውረድ ካልቻለ ጠላት ሳያየው ይሞታል። ለዚህ ነው ኃይሉ በኡታራካንድ በምትገኘው አውሊ የራሱን የተራራና የበረዶ መንሸራተት ትምህርት ቤት የከፈተው። በጁን 2020 በጋልዋን ሸለቆ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ፣ የሁለቱ አገሮች ወታደሮች ያለ ጥይት በዱላና በድንጋይ ተፋልመው 20 ህንዳውያን ሲሞቱ፣ በዚያ ከፍታ ሰው ማቆም ምን ማለት እንደሆነ ዓለም ሁሉ አየ።

የተራራ መውጣትና የመንግሥት ሥራ በህንድ ምን ያህል እንደተሳሰሩ የሚያሳይ ሌላ ታሪክም አለ፤ ጸሐፊው ቢያውቁት ኖሮ ትችታቸውን በሌላ አቅጣጫ ይጽፉት ነበር ብዬ አስባለሁ። በሜይ 1965 የህንድ ቡድን ኤቨረስት ላይ ወጣ። የቀደሙት የ1960 እና የ1962 ሙከራዎች ጫፉ ሊደረስ ጥቂት ሲቀር ከሽፈው ነበር። በሦስተኛው ግን ዘጠኝ ሰዎች በአራት ዙር ወጡ። ከመካከላቸው ሶናም ጊያትሶ የቡድኑ ትልቁ፣ ሶናም ዋንግያል ደግሞ ትንሹ ነበሩ፤ ሁለቱ አብረው አንድ ቀን ደረሱ። የቡድኑ መሪ ከባህር ኃይል የመጡትና በድንበር ፖሊሱ ውስጥ ለዓመታት ያገለገሉት ሞሃን ሲንግ ኮህሊ ናቸው።

አገሩ በደስታ ሲያብድ ኮህሊን ሌላ ተራራ ይጠብቃቸው ነበር። ቻይና በኦክቶበር 1964 በሎፕ ኑር በረሃ የመጀመሪያዋን አቶሚክ ቦንብ አፈንድታ ነበር። አሜሪካ የቀጣዮቹን ፍንዳታዎችና የሚሳይል ሙከራዎች ለመሰለል መሣሪያ የሚተከልበት ከፍታ ፈለገች። የሲ.አይ.ኤ. እና የህንድ የስለላ መሥሪያ ቤት በሽርክና ናንዳ ዴቪን መረጡ፤ ከፍታዋ 7,816 ሜትር ነው። ጉዞውንም ኮህሊ መሩት። የመሣሪያው የኃይል ምንጭ በፕሉቶኒየም ሙቀት የሚሠራ ጄኔሬተር ነበር። በ1965 መኸር የአየሩ ጠባይ ሲከፋ ተራራ ወጪዎቹ ዕቃውን እዚያው ከድንጋይ ጋር አስረው ወረዱ። በማግስቱ ዓመት ሲመለሱ የለም። የበረዶ ናዳ እንደወሰደው ይገመታል፤ እስከ ዛሬም አልተገኘም። ምስጢሩን የህንድ ሕዝብ የሰማው በ1978 ሲሆን፣ ጠቅላይ ሚኒስትር ሞራርጂ ዴሳይ ለምክር ቤት አረጋገጡት።

ይህን የምጽፈው ለማድነቅ አይደለም። ከናንዳ ዴቪ ሥር የሚፈልቀውን ውሃ ለሚጠጡ መንደሮች ይህ ታሪክ እስከ ዛሬ የሚያሰጋ ጉዳይ ነው። ነገር ግን የፖሊስና የተራራ ግንኙነት የአንዲት መኮንን የዕረፍት ጊዜ ጨዋታ ነው የሚለው አባባል ከዚህ በኋላ እንዴት ይቆማል?

ሁለተኛው ክስ ገንዘብና ሥልጣን ነው። ይህን በግማሽ እቀበላለሁ፤ እንዲያውም ጸሐፊው ካሰቡት በላይ እቀበላለሁ። ኤቨረስት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስወጣል። ከፍተኛ መኮንን ፈቃድ ሲጠይቅ በር ይከፈትለታል፤ ስፖንሰር ይገኝለታል፤ ሲመለስ ካሜራ ይጠብቀዋል። ተራው ኮንስታብል እነዚህ የሉትም። እስከዚህ ድረስ አብረን ነን። ጸሐፊው ግን ከዚህ ተነስተው ስለዚህ ተራራው የሀብታም መኮንኖች መጫወቻ ነው ወደሚል መደምደሚያ ይዘላሉ። በዚህ ኃይል ታሪክ ውስጥ ኤቨረስት ላይ የቀሩት እነማን እንደሆኑ ቢመለከቱ ኖሮ ይህን ለመጻፍ እጃቸው ይከብዳቸው ነበር።

በ1996 የድንበር ፖሊሱ በአዛዥ ሞሂንደር ሲንግ መሪነት በሰሜን፣ በቲቤት በኩል ለመውጣት ቡድን ላከ። ሜይ 10 ቀን ስድስት ሰዎች ከመጨረሻው ካምፕ ተነሱ። ሌሊት ሊጀምሩ አስበው የነበሩት ከነጋ በኋላ ነው የተነሱት። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የትም ይድረሱ የት እንዲመለሱ ስምምነት ነበር። ምክትል መሪው ሃርባጃን ሲንግ ናቸው፤ በኋላ በዚያው ኃይል ኢንስፔክተር ጄኔራል ሆነው ለዓመታት ያገለገሉ መኮንን። ሰዓቱ ሲሄድና ነፋሱ ሲበረታ፣ ከፊታቸው ላሉት ሦስት ሰዎች በእጃቸው ተመለሱ እያሉ ምልክት ሰጡ። ሦስቱ አልተመለሱም። እርሳቸው ውርጭ እየጎዳቸው ከሌሎቹ ሁለት ጋር ወረዱ።

አመሻሹ ላይ ሦስቱ ጫፍ ላይ ደርሰናል የሚል የሬዲዮ መልእክት ላኩ። ታች ካምፕ ውስጥ ደስታ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያንን ዓመት ታሪክ ያደረገው ማዕበል መጣ። በደቡብ በኩል የነበሩ የንግድ ቡድኖች ሰዎችም በዚያው ሌሊት አለቁ፤ ዓለም በብዛት የሚያስታውሰው እነርሱን ነው። በሰሜን በኩል ጼዋንግ ስማንላ፣ ዶርጄ ሞሩፕና ጼዋንግ ፓልጆር አልተመለሱም። በኋላ እውነተኛው ጫፍ ላይ ደርሰው እንደሆነም ጥያቄ ተነሳ፤ በጭጋጉ ውስጥ ዝቅ ያለ ጉብታን ጫፍ አድርገው ሳያዩት አልቀሩም የሚሉ አሉ። በማግስቱ ወደ ላይ ያልፉ የነበሩ የጃፓን ተራራ ወጪዎች በሕይወት እያሉ አይተዋቸው ነበር ወይስ አላዩም የሚለው ክርክርም ብዙ አነጋገረ።

እነዚህ ሦስት ሰዎች ማዕረጋቸው ምን ነበር? ስማንላ ሱቤዳር፣ ሞሩፕ ላንስ ናይክ፣ ፓልጆር ዋና ኮንስታብል ነበሩ፤ ሦስቱም ከከፍተኛ መኮንንነት በታች ያሉ ማዕረጎች ናቸው። ሦስቱም የላዳክ ልጆች ናቸው። ፓልጆር ሳክቲ ከምትባል መንደር የመጣ የ28 ዓመት ወጣት ነበር። በ8,500 ሜትር ገደማ፣ አንድ የድንጋይ ጥግ ሥር፣ ለብዙ ዓመታት የተኛ አስከሬን ነበር፤ ከጫማው ቀለም የተነሳ በሰሜን በኩል የሚወጣ ሁሉ «አረንጓዴ ጫማ» እያለ እንደ መንገድ ምልክት ያልፈው ነበር። ብዙዎች የፓልጆር ነው ብለው ያምናሉ። አፓርና ኩማር በሜይ 20 ቀን 2016 ኤቨረስትን የወጡት በዚሁ በሰሜኑ በኩል ነው፤ ከሃያ ዓመት ከአስር ቀን በኋላ።

ስለዚህ የማዕረግ ልዩነትን ካነሳን ጥያቄው ሌላ መሆን ነበረበት። መኮንኗ ለምን ወጡ ሳይሆን፣ ዋና ኮንስታብሉ ሲወጣ ማን ያውቀዋል፣ ሲቀር ለቤተሰቡ ማን ይደውላል፣ ጫፍ መድረስ ለዕድገቱ የሚቆጠርለት ወጣት አለቃው ተመለስ ሲለው ለምን ዝም ብሎ ወደ ላይ ይሄዳል የሚለው ነው። ጸሐፊው ይህን ዓይነት ጥያቄ እጃቸው ውስጥ ይዘው ሳለ ጥለውት የአንዲትን ሴት ስም ማብጠልጠል መረጡ። ያልተነካ ግልግል ያውቃል ይባል የለ።

ሥልጣን ከሌለ ተራራ የለም ለሚለውም አንድ ምሳሌ ብቻ ልስጥ። ሳንቶሽ ያዳቭ በሃሪያና የገበሬ ልጅ ሆነው አደጉ፤ ወደ ድንበር ፖሊሱም ገቡ። በ1992 ኤቨረስትን ወጡ፤ በ1993 ደገሙት። ከእርሳቸው በፊት ሁለት ጊዜ የወጣች ሴት በዓለም ላይ አልነበረችም። በመጀመሪያው ጉዟቸው አየር ያጠረውን ጓደኛቸውን ኦክስጅናቸውን አካፍለው አድነዋል። ይህ የሆነው በመኮንን ሥልጣን ነው የሚል ካለ ይንገረኝ።

ኤቨረስት ይሸጣል የሚለው ሦስተኛው ነጥብ እውነት ነው፤ ብዙም ልከራከርበት አልፈልግም። በ2016 ብቻ ከ600 በላይ ሰዎች ጫፉ ላይ ቆመዋል። ገመዱን የሚዘረጉት፣ ድንኳኑን የሚተክሉት፣ የኦክስጅኑን ጠርሙስ የሚሸከሙት ሼርፓዎች ናቸው። የእነርሱን ስም የማይጠራ የኤቨረስት ዜና ሁሉ ጎዶሎ ነው፤ ስለ አፓርና ኩማር የወጡትም ዜናዎች ከዚህ ጉድለት ነፃ አይደሉም። ሆኖም ጸሐፊው ከኤቨረስት አልፈው አልሄዱም። የአላስካው ዴናሊ 6,190 ሜትር ብቻ ነው፤ ነገር ግን እዚያ ዕቃ ተሸካሚ የለም። ምግብህን፣ ድንኳንህን፣ ነዳጅህን ራስህ በጀርባህና በተንሸራታች ጋሪ ትጎትታለህ። አፓርና ኩማር ከዴናሊ ሁለት ጊዜ ጫፉን ሳይነኩ ተመልሰዋል፤ የተሳካላቸው በ2019 በሦስተኛው ነው። ሰባቱንም የጨረሱት በዚያ ነው። ገንዘብ ጫፉን ይገዛል ከተባለ፣ ሁለት ጊዜ ተከፍሎ ጫፉ ያልተሰጠው ለምንድን ነው?

«የመጀመሪያዋ» የሚለውን በተመለከተ ግን ጸሐፊው ልክ ናቸው፤ ይህንን ያለ ማመንታት እቀበላለሁ። ዜናዎቹ የመጀመሪያዋ ሴት የፖሊስ አገልግሎት መኮንን፣ የመጀመሪያዋ የድንበር ፖሊስ ሴት መኮንን፣ ሰባቱን የጨረሱ የመጀመሪያዋ የመንግሥት ሹም እያሉ ይቀጥላሉ። እንዲህ እየከፋፈልን ከሄድን እያንዳንዳችን በአንድ ነገር የመጀመሪያ መሆናችን አይቀርም። የደቡብ ዋልታው ዜና በተለይ ያስቀኛል። በጃንዋሪ 13 ቀን 2019 ስምንት ሆነው በእግር ዋልታው ላይ ደረሱ፤ ሠላሳ አምስት ኪሎ ገደማ ዕቃ ይዘው። ጥሩ። ብዙ ጋዜጦች ግን «ደቡብ ዋልታን ወጡ» ብለው ጻፉ፤ ዋልታው ላይ የሚወጣ ጫፍ ያለ ይመስል። ቦታው 2,835 ሜትር ከፍታ ላይ ያለ ማለቂያ የሌለው የበረዶ ሜዳ ነው። ርቀቱንም 111 ማይል አሉት። አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 111 ኪሎ ሜትር ነው፤ ወደ ዋልታው የሚጓዙ ብዙዎች የሚሄዱትም የመጨረሻውን ዲግሪ ስለሆነ፣ አንዱ ዘጋቢ ኪሎ ሜትሩን ማይል አድርጎት ሌሎቹ እንዳለ የገለበጡት ይመስለኛል። አድናቂዎች እንዲህ ሲያጋንኑ ለተቺ በር ይከፍታሉ። ጥፋቱ ግን የዘጋቢው እንጂ የተጓዧ አይደለም።

የቀረው ከባዱ ክስ ነው፤ አደጋ ሲደርስ ምን ፈየዱ የሚለው። እዚህ ላይ ጸሐፊው አንድ ቀን እንኳ ወደ ኋላ ሄደው አላነበቡም።

ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2021፣ እሑድ ጠዋት፣ በኡታራካንድ ቻሞሊ አውራጃ ከሮንቲ ተራራ ጎን 27 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ድንጋይና በረዶ ተገንጥሎ ወደቀ። ድንጋዩ በረዶውን ፈጭቶ አቀለጠው፤ ሸለቆው በጭቃ ጎርፍ ተሞላ። በሪሺጋንጋ ወንዝ ላይ የነበረውን አነስተኛ የኃይል ማመንጫ ጠራርጎ ወሰደው፤ ከሥሩ በታፖቫን ይሠራ የነበረውን ትልቅ የግድብ ግንባታ አፈራረሰው። ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ ወይም ደብዛቸው ጠፋ፤ አብዛኞቹ የቀን ሠራተኞች ናቸው። የወንዙ ዳር መንደር ራይኒ በ1974 ሴቶቿ ዛፍ አቅፈው ደኗን ያዳኑባት መንደር ናት። የራይኒ ነዋሪዎች ጎርፉን ሲያዩ መጀመሪያ ያሰቡት ያንን በ1965 ተራራው ላይ የቀረውን የፕሉቶኒየም ዕቃ ነው፤ ፈንድቶ ይሆን ብለው። የሳይንስ ሰዎች ምክንያቱ የድንጋይና የበረዶ ናዳ እንደሆነ አረጋግጠዋል። ሕዝቡ ግን እንዲህ ማሰቡ አይፈረድበትም፤ የመንግሥት ተራራ ወጪዎች ትተውለት የሄዱት ነገር ነው።

በአካባቢው የመጀመሪያ ሆኖ የደረሰው የድንበር ፖሊሱ ነበር። በታፖቫን ለግንባታው ከተቆፈሩት ዋሻዎች በአነስተኛው ውስጥ አስራ ሁለት ሠራተኞች በጭቃና በውሃ ተከበው ተይዘው ነበር፤ የአንዱ ስልክ መስመር አግኝቶ መልእክት ወጣ። ፖሊሶቹ በገመድ ወርደው፣ በመቆፈሪያ በአካፋ ቀዳዳ ከፍተው፣ አስራ ሁለቱንም በዚያው ቀን በሕይወት አወጧቸው። በማግስቱና በተከታዮቹ ቀናት የታፖቫንን ሥራ በቦታው ሆነው ሲመሩ፣ በትልቁ ዋሻ ስንት ሜትር ጭቃ እንደተጠረገ በየዕለቱ ለጋዜጠኞች ሲናገሩ የነበሩት በወቅቱ ምክትል ኢንስፔክተር ጄኔራል አፓርና ኩማር ናቸው። ጸሐፊው የሚፈልጓቸው ያ ጊዜ እዚያ ነበሩ።

ላጋንን አልፈልግም። ከትልቁ ዋሻ አንድም ሰው በሕይወት አልወጣም። ጭቃ በቡልዶዘር ለማውጣትም ኤቨረስትን መውጣት አያስፈልግም። ታፖቫን ላይ ዋጋ የነበረው በገመድ የሚወርድ፣ በብርድ ሌሊት የሚሠራ፣ ድልድይ ሲወሰድ ወደ ተቆረጡ መንደሮች በገደል ዞሮ ስንቅ የሚያደርስ ኃይል በሰዓታት ውስጥ ቅርብ መገኘቱ ነው። ያ ኃይል የሚፈጠረው ደግሞ በየዓመቱ ገመድ ይዞ በሚወጣና በሚወርድ ፖሊስ ነው፤ በቢሮ አይፈጠርም። አዛዦቹ ራሳቸው የማይሞክሩት ሥልጠና የት እንደሚቀር ደግሞ በየትኛውም አገር ፖሊስ ውስጥ የኖረ ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ2019፣ በናንዳ ዴቪ ምሥራቅ አቅራቢያ ስምንት ተራራ ወጪዎች በናዳ አለቁ፤ ከእንግሊዝ፣ ከአሜሪካና ከአውስትራሊያ የመጡ፣ አንዱ ህንዳዊ። አስከሬኖቹ ከሄሊኮፕተር ታዩ፤ ሄሊኮፕተር ግን ሊያነሳቸው አልቻለም። ከድንበር ፖሊሱ የተመረጡ ተራራ ወጪዎች በእግር ወጡ፤ ከ5,000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ ከበረዶ ውስጥ ሰባቱን ቆፍረው አወጡ። አንዱ ሳይገኝ ቀረ። ጁላይ ላይ አስከሬኖቹን ወደ ታች አደረሱ። ይህን የሠሩት ከላይ የጠቀስኳቸው የፓልጆር ዓይነት ሰዎች ናቸው፤ ስማቸው ኤቨረስት ላይ ባንዲራ ይዘው ከቆሙት ያነሰ ይጠራል። ጸሐፊው ተጎጂው ምን አተረፈ ብለው ሲጠይቁ የሟቾቹን ቤተሰቦች ረስተዋቸዋል።

ተራራ የሚወጡ የፖሊስ አዛዥ እርሳቸው ብቻም አይደሉም። ከጉጃራት ፖሊስ የመጡት አቱል ካርዋል በ2008 ኤቨረስትን ወጡ፤ በኋላ በሃይደራባድ ያለውን ብሔራዊ የፖሊስ አካዳሚ፣ ከዚያም ብሔራዊውን የአደጋ መከላከል ኃይል መሩ። በፌብሩዋሪ 2023 ቱርክ በመሬት መንቀጥቀጥ ስትፈርስ ቡድኖቹን ወደዚያ የላከው፣ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ 41 ሠራተኞች በሲልክያራ ዋሻ ውስጥ ለ17 ቀናት ተቀብረው በሕይወት ሲወጡ ከአዳኞቹ መካከል የነበረው ያው ኃይል ነው። ይህንን የተራራው ትሩፋት ነው ብዬ አልምልም። ተራራ ከሥራ አዘናጋቸው የሚለውን ክስ ለማፍረስ ግን ይበቃል።

ሽልማቱን ይመልሱ ስለሚለው ምክር። የተሰጣቸው የቴንዚንግ ኖርጌይ ብሔራዊ የጀብዱ ሽልማት ነው፤ ወንጀለኛ በመያዝ ሳይሆን በየብስ፣ በባህርና በአየር ለሚደረግ ጀብዱ የሚሰጥ። ለምን ተሸለሙ ብሎ የፖሊስ ሥራቸውን መመዘኛ ማቅረብ ለሯጭ የተሰጠን ሜዳሊያ በሒሳብ ውጤቱ እንደ መለካት ነው። ይልቅ ጸሐፊው ብዕራቸው እውነትም ለተራው ፖሊስ የሚቆረቆር ከሆነ፣ በሚቀጥለው ጽሑፋቸው በ1996 ያልተመለሱትን ሦስት ሰዎች ያንሱልን። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተመለሱ የተባሉት ለምን እንዳልተመለሱ፣ ከዚያ በኋላ በኃይሉ ውስጥ የመመለሻ ሰዓት ሕግ እንዴት እንደሚከበር ይጠይቁ። ያንን ጽሑፍ ካወጡት ምላሽ ሳይሆን ድጋፍ እጽፍላቸዋለሁ።